በፊት በር ነይ ብያት ነበር

አርሊስ ቶርቪክ ቤት የፊት በር ከተንኳኳ ወይ ሰው ሞቷል ወይ ሰው ቤት ተሳስቷል። የሚያውቋት ሁሉ የሚገቡት በኋላ ነው። በጋራዡ ጎን ዞረው፣ ሁለቷን ደረጃ ወጥተው፣ «አለሽ?» እያሉ ቀጥ ብለው ወጥ ቤት። ማንኳኳት የለ ምን የለ። የፊት በሩማ ከባሏ ቀብር ወዲህ ስንቴ እንደተከፈተ እግዜር ይወቀው። እና ያን ቀን ጠዋት በሩ ኳ ኳ ሲል ማን ሞተ ብላ ሮጠች። በሩ ደግሞ ከመቃኑ ጋር በበረዶ ተጣብቆ ብትጎትተው ብትጎትተው እምቢ አላት።

«ከውጭ ልግፋልዎት?» አለ አንድ የወንድ ድምፅ።

«ግፋው እስቲ። ቀስ በል ግን፣ እንዳትወድቅብኝ!»

ተከፈተ። አፍንጫው በብርድ የቀላ ወጣት ነው። ስሟን ጠየቃት፣ ፖስታ ሰጣት፣ «ይቅርታ እሜቴ፣ እኔ አድራሽ ብቻ ነኝ» አለ። እሷ ደግሞ ቀዩን አፍንጫ አይታ «ለመንገድህ ኩኪስ ልቋጥርልህ?» አለችው። የክስ መጥሪያ ላመጣባት ሰው! ልጁም ኩኪሱን ተቀብሎ ሄደ።

ወጥ ቤት ተቀምጣ ፖስታውን ከፈተችው። ከሳሽ፣ ላቮን ሂንክ። ተከሳሽ፣ አርሊስ ቶርቪክ።

ሁለቴ አነበበችው። ላቮን ማለት እኮ ላቮን ናት! ልጆቻቸውን አብረው ያሳደጉ፣ ባሎቻቸውን አብረው የቀበሩ፣ ሐሙስ ሐሙስ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ካርታ የሚጫወቱ። ላቮን በዋናው መንገድ ላይ የሴቶች ፀጉር ቤት አላት። የከተማው ሴት ግማሹ ጭንቅላቱን ለሷ ያስረከበ ነው። ባለፈው ክረምት ግን፣ ከቅዝቃዜውም የባሰ ቅዝቃዜ በነበረበት ሳምንት፣ ሆትዲሿን፣ ያችን በስጋና በድንች የምትጋገረውን፣ በሁለት እጇ ይዛ የአርሊስን የኋላ ደረጃ ስትወጣ አንሸራተታት። ሆትዲሿ በጋራዡ ግድግዳ ላይ ተበተነች፣ የላቮን ቀኝ እጅ ከአንጓው ተሰበረ። ሐኪሞቹ ብረት አስገቡበት። አጥንቱ ገጠመ፣ ጣቶቹ ግን እንደ ድሮው አልታዘዝ አሉ። መቀስ የማትይዝ ፀጉር ሠሪ ደግሞ ምን ትሆናለች?

ያኔ ሆስፒታል የወሰደቻት አርሊስ ናት፣ ወር ሙሉ ምግብ ያመላለሰችላትም እሷው። ጥፋቱ የማን ነው የሚል ቃል ከሁለቱም አፍ ወጥቶ አያውቅም። የነዚያ አገር ሰው እንደሱ ነው። ቤቱ እየተቃጠለ «እንዴት ነህ?» ብትለው «አይ፣ ደህና ነው፣ ትንሽ ሞቅ ብሏል» ይልሃል።

ታዲያ አርሊስ ምን አደረገች? ፖስታውን አጣጥፋ የወጥ ቤት ፎጣ ከሚቀመጥበት መሳቢያ፣ ከታች አስገባችው። ዝም አይነቅዝም ብላ። ለኢንሹራንሱ ሰው ለጌይለን ብትደውል «ላቮን ከሰሰችኝ» ማለት ሊኖርባት ነው፣ ይሄን ካለች ደግሞ እውነት ሆነ ማለት ነው። ላቮን ራሷ መጥታ እስክትናገር ጠበቀቻት። ሐሙስ መጣ፣ ላቮን ግን አልመጣችም። ሌላም ሐሙስ መጣ። አርሊስ ካርታውን ለብቻዋ ደርድራ መልሳ ሰበሰበችው።

ሦስት ሳምንት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ነው የኋላው በር ተበርግዶ የተከፈተው።

«አለሽ?»

«የት ልሄድ!» አለች አርሊስ።

ላቮን ካፖርቷን እንኳ አላወለቀችም። ቀኝ እጇን ኪሷ ውስጥ ከታ ወጥ ቤቱ መሀል ቆመች። «ጠበቃዬ እንዳላናግርሽ ብላኛለች። እዚህም አልመጣሁም፣ እሺ? ወረቀቱ ደርሶሻል?»

«ደርሶኛል።»

«ለጌይለን ሰጠሽው?»

አርሊስ ምድጃውን ጠረገች፣ ንጹሕ ነበር። «ኩኪስ ትበያለሽ?»

«የምን ኩኪስ! አርሊስ! የት ነው ያለው?»

መሳቢያውን በአገጯ አሳየቻት። ላቮን በግራ እጇ ጎትታ ፎጣውን ሁሉ መሬት ላይ በተነችው። ፖስታውን ስታገኝ ፊቷ በርበሬ መሰለ።

«አንቺ ሴት አብደሻል! በሦስት ሳምንት ውስጥ መልስ ካልሰጠሽ እኮ ዳኛው ዝም ብሎ ይፈርድብሻል! ያኔ ኢንሹራንስሽ ‘በጊዜው መቼ ነገራችሁኝ’ ብሎ እጁን ይታጠባል። ከዚያ እኔ ምንሽን ልወስድ ነው? ይሄን ወጥ ቤት? ይሄን አስቀያሚ መጋረጃ?»

«መጋረጃው ምን ሆነ?»

«ዶሮ የተሳለበት መጋረጃ! አንቺን የከሰስኩ መስሎሽ ነው? ኢንሹራንስሽን እኮ ነው! በራሱ ስም ልክሰሰው ብላቸው አይቻልም አሉኝ። ሕጉ ያንቺ ስም ይጻፍ ነው የሚለው። ባልሽ ከሞተም በኋላ ይሄን ሁሉ ዓመት ስትከፍይ የኖርሽው ለምን ይመስልሻል? ለዚሁ ነዋ!»

አርሊስ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ቀድመሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

የላቮን ድምፅ ወረደ። «አፍሬ ነዋ። የጤና መድኅኔ የከፈለውን ይመለስልኝ እያለ ደብዳቤ ያዘንብብኛል። ጌይለን መጀመሪያ የሰጠኝ ገንዘብ፣ ጥፋቱ የማንም ይሁን ተብላ የምትሰጠዋ ትንሿ፣ ለአምቡላንሱና ለራጁ አለቀች። ሱቄ ዝግ ነው። ምን ላድርግ ታዲያ?» ከዚያ ወደ በሩ ዞረች። «ዛሬውኑ ውሰጂው። እኔ አልመጣሁም።»

አርሊስ ፎጣዎቹን እንኳ ሳታነሳ ወጣች።

ጌይለን ቢሮው ከባንኩ ጎን ነው። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከፊቷ ወንበር የሚቀመጥ፣ ራሰ በራው ከኋላ እንደ ሳህን የሚያበራ ሰው። ወረቀቱ ላይ ያለውን ቀን ሲያይ መጀመሪያ ነጣ፣ ከዚያ ቀላ፣ ከዚያ ያለ ቃል ወደ ፋክስ ማሽኑ ሮጦ ገጹን ሁሉ ለዋናው መሥሪያ ቤት ላከው። ስልክ ደወለ፣ ጮኸ፣ አመሰገነ፣ ዘጋ። ሲመለስ ላብ በላብ ሆኗል።

«ደረስንበት። ሁለተኛ እንዲህ እንዳታደርጊኝ! በይ ስሚኝ። ጠበቃ ኢንሹራንሱ ይቀጥርልሻል፣ ደሞዙንም እሱ ይከፍላል፣ ካንቺ ሳንቲም አይወጣም። ጥፋተኛ ነሽ ከተባለ ደግሞ ውልሽ ላይ እስካለው ጣሪያ ድረስ እሱ ይከፍላል። የላቮን እጅ ጣሪያውን አይነካም፣ አትፍሪ። ያንቺ ሥራ ወረቀት ሲመጣ ለኔ መስጠት፣ ስትጠየቂ እውነቱን መናገር፣ እና ‘ጥፋቱ የኔ ነው፣ እኔ እከፍልሻለሁ’ እያልሽ ቃል አለመግባት ነው።»

«ይቅርታም አልላት?»

«ባትያት ይሻላል።»

«እኛ ከተማ እኮ ይቅርታ ሳይባል ሱቅ ውስጥ በሰው ጎን አይታለፍም!»

«አውቃለሁ አርሊስ። ለሁለት ወር ዋጥ አድርጊው።» ጌይለን ላቡን ጠረገ። «ደግሞ ሆን ብለሽ ገፍተሻት ቢሆን ኖሮ ምንም አይሸፍንልሽም ነበር።»

«አንዳንዴ አምሮኝ ያውቃል» አለች አርሊስ፣ ሳትስቅ።

ጠበቃው ከትልቁ ከተማ መጣ። ትሬንት ይባላል፣ ጫማው ለበረዶ ያልተሠራ ረጅም ልጅ። እሱም በፊት በር አንኳኳ፣ እሱም ከውጭ ገፋ። ገና ሳይገባ ደስ ብሎታል። የፊቱ መንገድ ጥርግ ብሏል፣ ደረጃው ጨው ተረጭቶበታል፣ መብራቱ ይሠራል። ፖስተኛው እንዳይወድቅ ብላ አርሊስ በየቀኑ ትጠርገዋለች። ልጁ ፎቶ አነሳ፣ ደግሞ አነሳ። ከዚያ ወደ ኋላ ዞረው የጣሪያውን አሸንዳ አሳየችው። መጋጠሚያው ተላቆ ውሃ ደረጃው ላይ ያንጠባጥብና እዚያው ይረጋል፣ መስታወት ይሆናል።

«ያን ቀን እንደዚህ እንደነበረ ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር። እንደውም ጠዋት ደውዬላት ነበር።»

ትሬንት እስክሪብቶውን አቆመ። «ምን ብለው?»

«‘የኋላው ደረጃ በረዶ ይዟል፣ ዛሬ በፊት በር ነይ’ ብዬ።»

«እሷስ ምን አለች?»

«‘ምነው፣ እኔ ቄስ ነኝ ወይስ ፖሊስ?’ ብላ ሳቀችብኝ። ከዚያ በኋላ በር መጣች።»

ልጁ ዓይኑ ቦግ አለ። «ወይዘሮ ቶርቪክ፣ ይሄማ ክሱን ይጨርሰዋል! ንጹሕ በር አዘጋጅተዋል፣ በስልክ አስጠንቅቀዋል፣ እሷ አልሰማም ብላ በዚያው መጣች። ጥፋቱ ካንቺ ይልቅ የሷ ይበልጣል ከተባለ…» ደንግጦ ራሱን አረመ፣ «ከእርስዎ ይልቅ ማለቴ ነው፣ ይቅርታ፣ የሷ ይበልጣል ከተባለ ሕጉ ምንም አይሰጣትም።»

«ምንም?»

«ምንም።»

አርሊስ ሸኝታው ስትመለስ የፊት በሩን መዝጋት አቃታት። ደጃፉ ላይ እንደቆመች ቀረች።

ከዚያ በኋላ በረዶ ስትጠርግም፣ ሳህን ስታጥብም፣ የምታስበው ያንኑ ነው። ስልኩን ብትናገር የላቮን እጅ በከንቱ ቀረ። ብትደብቅ ደግሞ በመሐላ ዋሸች ማለት ነው። ውሸቷ ከተያዘ ኢንሹራንሱ ውሉን አፍርሰሻል ብሎ ይተዋታል፣ ቤቷ ያለ ኢንሹራንስ ባዶውን ይቆማል። ደግሞም መደበቁን ብትፈልግም አትችልበትም፣ ለትሬንት ነግራዋለችና። ላቮንስ? ለጠበቃዋ ነግራት ይሆን? ረስታው ይሆን? ደውላ እንዳትጠይቃት ሁለቱም ጠበቆች እንዳትነጋገሩ ብለዋል።

ቃል የምትሰጥበት ቀን ደረሰ። ቦታው የፍርድ ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ነው፣ ዳኛ የለም። አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ የሚባለውን ሁሉ የምትተይብ አንዲት ሴት፣ ሁለቱ ጠበቆች፣ እና ከፊት ለፊቷ ላቮን። ላቮን የቤተ ክርስቲያን ሹራቧን ለብሳለች። ቀኝ እጇ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ የሰው ዕቃ ይመስል ከራሷ ትንሽ አርቃ አስቀምጣዋለች። አርሊስን አየቻትና ሰላም ልትል ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ ጠበቃዋ ጉልበቷን ነካ አደረገቻት። ጠበቃዋ መነጽሯ ግንባሯ ላይ የተሰካ ጎልማሳ ሴት ናት። ድምጿ ለስለስ ያለ ነው፣ ጥያቄዋ ግን ወገብ ይቆርጣል።

«ደረጃው ላይ በረዶ እንዳለ ያውቁ ነበር?»

«አዎ።»

«አሸንዳው ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያፈሰው?»

«ክረምቱ ሳይገባ ጀምሮ። ባሌ ነበር የሚጠግነው፣ እሱ ደግሞ የለም።»

«ይሄን እያወቁ ለወይዘሮ ሂንክ ምንም ማስጠንቀቂያ አልሰጧትም፣ አይደለም?»

መጣች ጥያቄዋ። አርሊስ ቀና ስትል ላቮን ዓይኗን ከእጇ ላይ አላነሳችም፣ ጆሮዋ ግን ቀልቷል። አርሊስ ያኔ ገባት። አልረሳችውም! ከጠበቃዋ ደብቃዋለች።

«ደውዬ ነግሬያታለሁ» አለች። «በፊት በር ነይ ብያት ነበር። ‘እኔ ቄስ ነኝ ወይስ ፖሊስ?’ አለችኝ።»

የምትተይበዋ ሴት ያመለጣትን ሳቅ በሳል ሸፈነችው። የላቮን ጠበቃ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ አጠለቀችና ቀስ ብላ ወደ ደንበኛዋ ዞረች። ትሬንት ከጠረጴዛው ሥር እግሩን ዘረጋ፣ ራት የበላ ሰው መሰለ።

«ለጊዜው ሌላ ጥያቄ የለኝም» አለች ጠበቃዋ፣ ወረቀቷን እየሰበሰበች።

«እኔ ግን አልጨረስኩም» አለች አርሊስ።

ትሬንት እግሩን ሰበሰበ። «ወይዘሮ ቶርቪክ፣ ጥያቄው ተመልሷል እኮ።»

«ተመልሷል፣ ግን በግማሹ ነው። እውነቱን ተናገሪ ብለሽ አስምለሽኛል አይደል?» አለቻት የምትተይበዋን ሴት። ሴትየዋ ራሷን ነቀነቀች። «እንግዲያው ጻፊ። ስነግራት እንደማትሰማኝ አውቅ ነበር። ላቮን በፊት በሬ መጥታ አታውቅም። ባሌን የቀበርን ቀን እንኳ ሰው ሁሉ በፊት ሲገባ እሷ በኋላ ዞራ ነው የገባችው፣ ሳህን ለማጠብ። በፊት በር ነይ ማለት ባዕድ ነሽ ማለት ነው፣ ማን ይሰማል? እንደውም ሰምታኝ ብትመጣ ኖሮ ምን አስቀየምኳት ብዬ ነበር የምጨነቀው። ስልኩን ስዘጋ በዚያው በኋላ እንደምትመጣ ልክ እንደ ስሜ አውቃለሁ። ጨው ነበረኝ። ጋራዡ ውስጥ፣ ከደረጃው ክንድ በማይሞላ ቦታ። ኬኬ ምድጃ ውስጥ ነበር፣ እንዳያርብኝ ብዬ ኋላ እረጨዋለሁ አልኩ። በቃ፣ አሁን ጨረስኩ።»

ትሬንት እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አጋደመው። የላቮን ጠበቃ መነጽሯን መልሳ ግንባሯ ላይ ሰቀለች፣ አሁን በደስታ። ላቮን ግን ተነሳች። ካፖርቷን በአንድ እጇ ጎትታ፣ አርሊስን ቀና ብላ ሳታይ፣ ወጥታ ሄደች።

ኮሪደሩ ላይ አርሊስ ትሬንትን ያዘችው። «ኢንሹራንሱ አሁን ይተወኛል?»

«አይተውዎትም። እውነት ስለተናገረ የተተወ ሰው የለም። ቢዋሹ ነበር ችግሩ።»

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው ፊትህ እንዲህ የጠቆረው?»

«ምንም» አለ ልጁ። «አሸንፌ ነበርና ነው። ለሁለት ደቂቃ ያህል።»

«አይዞህ ልጄ» አለችው፣ ይቅርታ ልትለው ነበር፣ ጌይለን ትዝ አላትና ዋጠችው።

በሚቀጥለው ሳምንት ላቮን በተራዋ ስትጠየቅ የስልኩን ነገር አንድም ሳታስቀር አመነች። ይሄንን ትሬንት ነው በስልክ የነገራት። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ወገን ክሱን ዳኛ ፊት የማቅረብ ወኔው አልቀራቸውም። አሸማጋይ ተቀመጠ፣ ጥፋቱ ለሁለት ተከፈለ፣ ኢንሹራንሱ ከፈለ። ላቮን ከጠየቀችው ያነሰ፣ ትሬንት ካሰበው የበዛ። አርሊስን «ትስማሚያለሽ?» ብሎ የጠየቃት የለም፣ ውሉ የመስማማቱን ሥልጣን ለኢንሹራንሱ ነው የሰጠው። አንዲት ሳንቲም አልከፈለችም። የሚቀጥለው ዓመት ክፍያዋ ግን ይጨምራል። ይሄን ሲነግራት ጌይለን ራሱ የጨመረባት ይመስል አንገቱን ደፋ። አሸንዳውንም አስጠገነችው።

ላቮን ግን አልመጣችም። በረዶው ሟሟ፣ ጭቃ ሆነ፣ ሣር አቆጠቆጠ። አንድም ሐሙስ የኋላው በር «አለሽ?» አላለም። ክሱ አልቋል፣ ኢንሹራንሱ የሚሸፍነውን ሁሉ ሸፍኗል፣ ይሄኛውን የሚሸፍን ውል ግን የለም። አርሊስ መጀመሪያ ላይ «ጊዜ ልስጣት» አለች። ኋላ «እኔ ምን አደረግኳት?» አለች። በመጨረሻ አንድ ቀን መስታወት ስታይ ፀጉሯ የተደበደበ መጥረጊያ መስሎ አገኘችውና ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ፀጉር ቤቱ ክፍት ነው። ብሪን የምትባል ወጣት መቀስ ይዛ ቆማለች፣ ላቮን ከፍ ያለ በርጩማ ላይ ተቀምጣ በአፏ ትሠራለች። «ከጆሮዋ በላይ፣ ብሪን፣ በላይ! በግ እየሸለትሽ ነው እንዴ?» ደንበኛዋ ከፍላ ስትወጣ ላቮን ቀና ብላ አርሊስን አየቻት። ቀጥሎ ፀጉሯን አየች።

«ማን ነው እንዲህ ያደረገሽ?»

«ራሴ። በወጥ ቤት መቀስ።»

«ያስታውቃል። ተቀመጪ።»

ተቀመጠች። ላቮን ጨርቁን በግራ እጇ አንገቷ ላይ ጣል አደረገችባት፣ ብሪን ከኋላ አሰረችው። በመስታወቱ ውስጥ ተያዩ።

«ተቆጥተሽኛል» አለች አርሊስ።

«በምን?»

«በስልኩ ነዋ።»

«ስልኩማ እውነት ነው።» ላቮን መስታወቱን ትታ መሬት መሬት አየች። «ለጠበቃዬ ደብቄያት ነበር። አንቺም የምትረሺው መስሎኝ፣ ወይ ለኔ ብለሽ የምትተይው። ጭራሽ ፊቴ ተናገርሽው። ውሸታም ሆኜ ቁጭ አልኩ። እሺ፣ ይገባኛል አልኩ። ከዚያ ደግሞ ‘አልጨረስኩም’ ብለሽ ጥፋቱን ወደ ራስሽ ጎትተሽ አወጣሽኝ! እኔ እየደበቅኩ፣ አንቺ ኬክሽን ሳይቀር ተናገርሽልኝ። ከዚያ ወዲያ ምን ብዬ ልምጣ? አንቺ ትመጪ ይሆናል ብዬ ስጠብቅ ይኸው ሣሩ ታጨደ።»

«እኔ ደግሞ ቤቴ ቁጭ ብዬ አንቺን!»

«ሁለት ደደቦች» አለች ላቮን። ብሪን ሳቋን ለመደበቅ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ላቮን ማበጠሪያ አነሳች፣ በቀኝ እጇ። ጣቶቿ ቀስ ብለው ተጠጉ፣ ያዙት፣ አርሊስ ፀጉር ላይ አንዴ አወረደችው። ሁለተኛ ስታነሳው አመለጣትና መሬት ወደቀ። ብሪን ልታነሳ ስትጎነበስ «ተይው» አለቻት አርሊስ። ጨርቁን እንደለበሰች ጎንበስ ብላ አነሳችው፣ በጨርቁ ጠረገችውና የላቮን ጣቶች መሀል መልሳ አስገባችው። ላቮን እስክትይዘው ድረስ አለቀቀችውም።

«ነጭተሽ ነጭተሽ መላጣ ብታስቀሪኝ እከስሻለሁ።»

«የዚህ ሱቅ ኢንሹራንስ ሌላ ነው፣ ጌይለንን ጠይቂው» አለች ላቮን። «አሁን ዝም በይ። አንገትሽን ቀጥ አድርጊ።»